ከየት ልጀምር ላለችው

«የኤግበርት ተሎክን ቤዝ ከየቱ ሸክላ ልጀምር?»
ብለሽ የጠየቅሽኝ፣ ኬዲያን፣ ያን ምሽት፣
ዝም ያልኩሽ ንቄሽ አይደለም፤
መጋዝ ይዤ ነበር፣ አፌን ሚስማር ሞልቶት።

አሁን ተፍቼዋለሁ። ነይ እዚህ ተቀመጪ፤
ስፒከሩ ቀለሙ አልደረቀም፣ አትንኪው፤ ከጠማሽ ከበርሜሉ ጠጪ።

ሰው ሁሉ የሚልሽ፦ «ወርቃማውን ግዢ፣
ፎቶው ያለበትን፣ ለንደን የተቀዳ፣ ሃያ ቫዮሊን ያጀበውን ያዢ።»
ተይ። እሱ ላይ ኤግበርት የተውሶ ኮት ለብሷል፤
መሠረት ነው ሰውየው፤
መሠረት ጣሪያ ላይ ምን ሊያደርግ ይወጣል?

በስልክሽም አትጀምሪ።
ያቺ ጆሮሽ ውስጥ እንደ ባቄላ የወተፍሻት
የእሱን ድምፅ አትችልም፤ እሱ ወደብ ሙሉ ውሃ ነው፣ እሷ ማንኪያ ናት።
የእንጨት ወለል ያለው ቤት ሂጂ። ጫማሽን አውልቂ፤
ወለሉን ጠይቂ።

ጀምሪ እንግዲህ፣ ስሙ ከሌለበት፤
ከትንንሾቹ ሸክሎች፣ ከአውሎ ነፋሱ ዓመት፣
ኪንግስተን ጣሪያዋን ከየጎዳናው ከለቀመችበት።
የዘፋኙ ስም በትልቁ፣ የነጋዴው ስም በትልቁ፣ የእሱን ማን አስታውሶት፤
ሦስት ፓውንድና አንድ ጥብስ ዓሣ ነበር የሚከፈልበት።

«በምን አውቀዋለሁ?» በይኝ እንጂ!
ይዘገያል፤ በዚያ ታውቂዋለሽ። በፀጉር ስፋት።
አዛውንት እስኪቀመጡ ቆሞ እንደሚጠብቅ ልጅ ነው፣ በቤቱ ሥርዓት፤
ከበሮው ይቀመጣል፣ ጊታሩ ይቀመጣል፣
ከዚያ እሱ ይመጣል።
አራተኛው ምት ላይ ደግሞ ጭራሽ ይተወዋል፤
ሚስማሩን አስጠግቶ፣ መዶሻውን ሰቅሎ፣
ዓይን ዓይንሽን ያያል።

አንድ ቀን ጠየቅሁት፦ «ይሄ ስብራት ከየት ነው?»
ሳቀ። «የአክስቴ ጋሪ ነው።
በረዶ ትሸጥ ነበር፣ ከወደቡ እስከ ገበያው፤
አንዱ ጎማ ብረቱ የወለቀ፣
ዱም፣ ዝም፣ ዱም ዱም እያለ የሚያዘግም፣ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው።
ከኋላ ገፊው እኔ ነበርኩ፣ የሚንጠባጠበውን እየላስኩ፤
ሙዚቃ ማን አስተማረኝ? ያንኑ ጋሪ ነው እስካሁን የምገፋው፣
አራት ክር ብቻ ጨመርኩ።»

ቀጥሎ ዝናቡን ስሚ።
በሸክላው ጀርባ ነው። የስቱዲዮው ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ዝናቡ ደግሞ የጥቅምት፤
ዘፋኙ አቋረጠ፣ ከበሮ መቺው ዱላውን አስቀምጦ ሲጋራ ለኮሰበት።
ኤግበርት ግን ቀጠለ። ዝናቡን ዘፋኝ አደረገው፤
ሲያይል ዝቅ እያለ፣ ሲያባራ እየተከተለው።
ነጋዴው ተሳደበ፣
ከዚያ አሳትሞ ሸጠው።
የእኔ ቅጂ ተጭሯል፤ ጭረቱ የት ያበቃል፣ ዝናቡ የት ይጀምራል፣
አልለየውም አሁን፤ አርባ ዓመት አብረው ዘንበዋል።

የመጨረሻውን አቆዪው።
በሽታ ግራ እጁን ከመታው በኋላ ነው፣ ሁለት ጣት ቀርቶት፤
«አትስሚው፣ ያሳዝናል» ይሉሻል። ሐሰት።
ድሮ በስድስት ድምፅ የሚለውን በሁለት ይለዋል፤
የጎደለውን አራት ጆሮሽ ይሞላዋል።

ከዚያ...
ይሄን ለማንም አትንገሪ፤
ከዚያ ወርቃማውን ግዢ። ቅድም ዋሸሁሽ። መጥፎ ሸክላ አይደለም።
ለአውሮፕላን ትኬት ብሎ፣ እኔ የሠራሁለትን ስፒከሮች፣ ሁለቱንም፣
ሸጦ ነው የሄደ፣ ሳይነግረኝ።
አሥራ አንድ ዓመት ያን ሸክላ አልሰማሁትም።
የሰማሁት ቀን፣ እሱ በተቀበረ በሳምንቱ፣ ብቻዬን፣ በሬን ዘግቼ፣
ከቫዮሊኖቹ ሥር አገኘሁት፤
በፀጉር ስፋት ዘግይቶ፣
ያ ሁሉ ጣሪያ ትከሻው ላይ፣
ጋሪውን ሲገፋ።

በይ ተነሺ አሁን፤ ይሄን ስፒከር አብረን እናውጣው ወደ ደጅ።
ከላይ አይደለም፣ ልጄ፤
ከሥር ያዢው እንጂ።